«መድኃኒቱ ለእኔ አይሠራም»፦ የአንዲት ተማሪ የወር አበባ ሕመም የጉዳይ ጥናት

የ20 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ወደ ተማሪዎች ክሊኒክ የመጣችው ስለ ወር አበባዋ ለመናገር አልነበረም፤ ላመለጣት ፈተና የሚሆን የሕክምና ማስረጃ ፈልጋ ነው። በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ እንዲህ ያለ ወረቀት ስትጠይቅ ይህ ሦስተኛዋ ነበር። በቀደሙት ሁለት ማስረጃዎች ላይ የሰፈረው ምክንያት «የሆድ ሕመም» ብቻ ነው። ካርዷን ያገላበጠችው ነርስ አንድ ጥያቄ ጨመረች፦ «ያኔ የወር አበባሽ ላይ ነበርሽ?» መልሱ «ሦስቱም ጊዜ» ሆነ።

ይህ ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን ቢጠየቅ ኖሮ ሁለት ዓመት ይቆጥብላት ነበር። ተማሪዋ ሕመሙን አልደበቀችም፤ ሕክምና የሚገባው ነገር ነው ብላ አላሰበችም እንጂ። እናቷ «እኔም እንዲሁ ነበርኩ፤ ስትወልጂ ይተውሻል» ይሏት ነበር። ታላቅ እህቷም በየወሩ አንድ ቀን ትተኛለች። በቤቱ ውስጥ ሕመሙ የተለመደ ስለሆነ፣ የተለመደው ሁሉ ጤናማ ሆኖ ታየ።

የሕመሙ ታሪክ

የወር አበባ ያየችው በ11 ዓመቷ ነው። የመጀመሪያዎቹ ወራት ያለ ሕመም አለፉ፤ ቁርጠቱ የጀመረው ወደ አንድ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ይህ ዝርዝር ትንሽ ቢመስልም ለሐኪሙ ብዙ ይናገራል። በመጀመሪያዎቹ ወራት እንቁላል ሳይለቀቅ የሚመጣ ደም ብዙ ነው፤ እንዲህ ያለው ዑደት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ኦቫሪዎቹ በየወሩ እንቁላል መልቀቅ ሲጀምሩ ቁርጠቱ ይከተላል። ከመጀመሪያው የወር አበባ ጀምሮ ከባድ ሕመም ቢኖር ግን ሐሳቡ ወደ ሌላ ይዞራል፦ ደሙ በነጻነት እንዳይወጣ የሚያግድ የአፈጣጠር ችግር ሊኖር ይችላል።

ዑደቷ ከ28 እስከ 30 ቀን ይረዝማል። ደሙ 7 ቀን ይቆያል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሞዴሷን በየሦስት ሰዓቱ ትቀይራለች። ቁርጠቱ ከእምብርት በታች መሀል ላይ ሆኖ እንደ ማዕበል ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ወደ ወገብና ወደ ጭኖቿ ይወርዳል። በመጀመሪያው ቀን ታስመልሳለች፣ ሆዷም ይላላል። አንድ ጊዜ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ራሷን ስታ ወድቃለች። ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ የመጀመሪያውን ቀን 9፣ ሁለተኛውን 7፣ ሦስተኛውን 3 ሰጠችው። ከሦስተኛው ቀን በኋላ ምንም የለም። በሁለት የወር አበባ መካከልም አያማትም፤ ስትሸናም ሆነ ስትጸዳዳ ሕመም የለም።

ቁመቷ 1.62 ሜትር፣ ክብደቷ 46 ኪሎ ነው። የክብደትና የቁመት ምጥጥኗ (ኪሎው በቁመቱ ካሬ ሲካፈል) 17.5 ይሆናል፤ ከዝቅተኛው ጤናማ መጠን ከ18.5 በታች ማለት ነው። ቁርስ አትበላም። በፈተና ወቅት የምትተኛው ከአምስት ሰዓት አይበልጥም። አታጨስም።

አጋላጭ ምክንያቶቹ እሷ ላይ ሲታዩ

በ2006 የታተመ አንድ ሰፊ ግምገማ 63 ጥናቶችንና 64,286 ሴቶችን አንድ ላይ አይቷል። ከሕመሙ ጋር ተያይዘው ከተገኙት ውስጥ ዕድሜ ከ30 በታች መሆን፣ ቀጭንነት፣ ማጨስ፣ ከ12 ዓመት በፊት የወር አበባ ማየት፣ የበዛ ደም፣ አለመውለድ፣ እንዲሁም ጭንቀትና ድብርት ይገኙበታል። የቤተሰብ ታሪክም በተደጋጋሚ የሚታይ ነው። ተማሪዋ ከማጨስ በቀር አብዛኛዎቹን ትይዛለች።

ይሁንና እነዚህን ሁሉ በአንድ ዓይን ማየት ስሕተት ነው። የወር አበባ በስንት ዓመቷ እንደመጣ፣ እናቷና እህቷ ምን እንደነበሩ ማንም አይለውጠውም። ጥቅማቸው ሕመሙ በምናቧ የፈጠረችው እንዳልሆነ ማስረዳቱ ላይ ነው። ክብደት፣ እንቅልፍና ምግብ መዝለል ግን ሊነኩ የሚችሉ ናቸው። ጭንቀት በሁለቱ መሀል ይቆማል፦ ሕመሙን ያባብሰዋል፣ ሕመሙም እሱን ይወልደዋል። ተማሪዋ የወር አበባዋ ሊመጣ አምስት ቀን ሲቀረው ጀምሮ እንቅልፍ እንደሚከዳት የተናገረችው ሳትጠየቅ ነው።

«ስትወልጂ ይተውሻል» የሚለው የእናት ቃል ከእውነት የራቀ አይደለም፤ በወለዱ ሴቶች ላይ ሕመሙ በአማካይ ይቀንሳል። ነገር ግን ለ20 ዓመት ተማሪ ይህ ተስፋ እንጂ ሕክምና አይደለም።

ምርመራው

ሆድ ተዳሰሰ፣ የደም ግፊት ተለካ (110/70)፣ የእርግዝና ምርመራ ተደረገ። ግብረ ሥጋ ግንኙነት ፈጽማ ስለማታውቅ በብልት በኩል የሚደረግ ምርመራ አላስፈለገም። ታሪኩ እንዲህ ግልጽ በሆነበት ወጣት ሕክምናውን ለመጀመር አልትራሳውንድ መጠበቅም ግዴታ አይደለም። ሆኖም ራሷን መሳቷና የሕመሙ ክብደት ስላሳሰባቸው በሆድ በኩል አልትራሳውንድ ታዘዘ። ማሕፀንና ኦቫሪዎቹ ደህና ሆነው ተገኙ፤ ሁለቱም ኩላሊቶች በቦታቸው አሉ። ኩላሊት የታየው በአጋጣሚ አይደለም። የማሕፀን አፈጣጠር ችግር ካለባቸው ልጆች ጥቂት የማይባሉት አንዱ ኩላሊታቸው ይጎድላል።

እዚህ ላይ ለታካሚዋ በግልጽ የተነገራት ነገር አለ፦ ደህና የሆነ አልትራሳውንድ ኢንዶሜትሪዮሲስ የለም ማለት አይደለም። ኢንዶሜትሪዮሲስ የማሕፀን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ከማሕፀን ውጭ ሲበቅል የሚመጣ በሽታ ነው። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶችና ልጃገረዶች ወደ 10 በመቶ የሚሆኑት አለባቸው። ጥቃቅን ነጠብጣቦቹ በምስል ላይ አይታዩም። ስለዚህ የመጀመሪያው መደምደሚያ «ሌላ በሽታ የሌለበት የወር አበባ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናው ራሱ ይፈትነዋል» የሚል ነበር።

የደም ምርመራው ያልጠበቁትን አመጣ። ሄሞግሎቢን 11.4 (ለሴት ከ12 በታች የደም ማነስ ነው)፣ ፌሪቲን 11 (ከ15 በታች የብረት ክምችት አልቋል ማለት ነው)። ድካሟን ሁሉ ለቁርጠቱ ሰጥታው ኖሯል፤ ከፊሉ ግን የብረት እጥረት ነበር። 60 ሚሊ ግራም ብረት በቀን አንድ ጊዜ ታዘዘላት፤ ጨጓራዋን እንዳይረብሽ በሕመሙ ቀናት እንድታቆመው ተነገራት።

መድኃኒቱ ያልሠራው ለምንድን ነው?

ተማሪዋ ስትመጣ እርግጠኛ የሆነችበት አንድ ነገር «መድኃኒት ለእኔ አይሠራም» የሚል ነው። የጉዳዩ ቁልፍም እዚህ ላይ ነበር። በዝርዝር ስትጠየቅ እንዲህ አለች፦ ፓራሲታሞል 500 ሚሊ ግራም አንድ ፍሬ ትውጣለች፤ የምትውጠውም «ከእንግዲህ አልችልም» ስትል ነው፣ ሕመሙ ከጀመረ ከአራት ወይም ከአምስት ሰዓት በኋላ። ብዙ ጊዜ ታስመልሰዋለች። አይቡፕሮፌን 200 ሚሊ ግራም ሁለት ጊዜ ሞክራለች፣ በዚያው አኳኋን።

ይህ ለምን እንደማይሠራ ለመረዳት ማሕፀን ውስጥ የሚሆነውን ማወቅ ይጠይቃል። እርግዝና ሳይኖር ሲቀር ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ይወርዳል። ሲወርድ ከማሕፀን ሽፋን ሕዋሶች የሰባ አሲድ ይለቀቃል፣ እሱም ወደ ፕሮስታግላንዲን ይቀየራል። ፕሮስታግላንዲን የማሕፀንን ጡንቻ ያኮማትራል፣ የደም ሥሮቹንም ያጠባል። ሕመሙ በሚበረታባቸው ሴቶች በማሕፀን ውስጥ የሚለካው ግፊት ከ150 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሊያልፍ ይችላል። ይህ ከብዙ ወጣት ሴቶች የደም ግፊት ይበልጣል፤ ስለዚህ ጡንቻው ሲጨማደድ ደም አይደርሰውም። ቁርጠቱ ደም የተነፈገ ጡንቻ ሕመም ነው። ወደ ደም የሚገባው ፕሮስታግላንዲን ደግሞ አንጀትን ያነቃቃል፤ ማስመለሱና ተቅማጡ ከዚያ ይመጣል።

በ1957 እንግሊዛዊው የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ ፒክልስ በወር አበባ ደም ውስጥ ጡንቻ የሚያኮማትር ንጥረ ነገር እንዳለ ጻፈ፤ ኋላ ፕሮስታግላንዲን መሆኑ ታወቀ። በ1971 ጆን ቬን አስፕሪንና መሰሎቹ የፕሮስታግላንዲንን መመረት እንደሚያግዱ አሳየ፤ በ1982 ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋራ። «የሴት ልጅ ጣጣ ነው» ተብሎ የታለፈው ሕመም ኬሚካዊ ምክንያቱ ከታወቀ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል ማለት ነው።

አይቡፕሮፌን፣ ናፕሮክሲንና ሜፌናሚክ አሲድ የሚያግዱት መመረቱን ነው። ተመርቶ ያለቀውን አያጠፉትም። ሕመሙ ጫፍ ሲደርስ የተዋጠ ክኒን እሳቱ ቤቱን ከያዘ በኋላ ክብሪት እንደመደበቅ ነው። በዚያ ላይ 200 ሚሊ ግራም ለዚህ ሕመም አነስተኛ ነው፤ የሚያስመልስ ሆድ ደግሞ መድኃኒቱን አይዘውም። ፓራሲታሞል በማሕፀን ውስጥ ባለው ፕሮስታግላንዲን ላይ ኃይሉ ደካማ ነው። ስለዚህ አልሠራም የተባለው መድኃኒት በእርግጥ አልተሞከረም ነበር።

አራት ዑደቶች

ከመጀመሯ በፊት የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ሕመም፣ ቶሎ የማይቆም ደም መፍሰስ፣ በአስፕሪን የሚነሳ አስም እንዳለባት ተጠየቀች። አንዱም የለባትም። እነዚህ ላለባቸው ሰዎች ይህ ዕቅድ አይሆንም፣ ሊጎዳም ይችላል።

የተሰጣት ትእዛዝ፦ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም በየ8 ሰዓቱ ከምግብ ጋር፤ የወር አበባው ከሚጠበቅበት ቀን ዋዜማ ማታ ጀምሮ፣ በጠቅላላው ከሦስት ቀን ላልበለጠ ጊዜ። ከዚያ ጋር አንድ ገጽ መዝገብ። በየአራት ሰዓቱ ሦስት ነገር ትጽፋለች፦ የሕመሙን ቁጥር፣ የወሰደችውን፣ ምን መሥራት እንዳቃታት።

በመጀመሪያው ዑደት ከፍተኛው ቁጥር ከ9 ወደ 6 ወረደ። አላስመለሰችም። ነገር ግን መዝገቡ ላይ ቁጥሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ሲወጣና ሲወርድ ታየ፦ ከእያንዳንዱ ክኒን በኋላ ስድስተኛው ሰዓት ላይ ሕመሙ ይነሳል፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ከእንቅልፏ ቀስቅሷታል። አይቡፕሮፌን ከደም ቶሎ ይወጣል፤ ግማሹ በሁለት ሰዓት ገደማ ይጠፋል። መዝገብ ባይኖር «ትንሽ ተሻለኝ» ብላ ትመለስ ነበር።

በሁለተኛው ዑደት ክፍተቱ ወደ 6 ሰዓት ጠበበ። በቀን 1,600 ሚሊ ግራም ይሆናል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ በቀን የሚፈቀደው 1,200 ነው፤ በሐኪም ክትትል እስከ 2,400 ይደርሳል። ስለዚህ ይህን ለውጥ በራሷ እንዳታደርገው ተነግሯት ነበር፤ ያደረገችው ሐኪሟ መዝገቡን አይታ ስትፈቅድላት ነው። ከፍተኛው ቁጥር 4 ሆነ።

ሦስተኛው ዑደት ተበላሸ። ፈተና ነበር፣ ደሙ አራት ቀን ዘገየ። እሷ ግን በቀን መቁጠሪያው መሠረት ጀመረች፤ ደሙ ሲመጣ ክኒኑን ለቀናት ወስዳለች፣ ጨጓራዋ ይቃጠላል፣ የሦስት ቀን ገደቧም አልቋል። ቁጥሩ ወደ 7 ተመለሰ። ዕቅዱ ራሱ ስሕተት ነበረበት፦ ዑደት በፈተና፣ በጉዞና በሕመም ይናወጣል፣ በቀን መቁጠሪያ ብቻ መመራት ደግሞ ዑደቱ እንደ ሰዓት ለሚሄድ ሰው ይመቻል። መዝገቡ ሲገለጥ መልሱ እዚያው ተጽፎ ተገኘ። ደሙ ከመምጣቱ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ቀደም ብሎ በሁሉም ወራት ወገቧ ይከብዳል፣ ሆዷም ይላላል። አዲሱ ደንብ ከእነዚህ ምልክቶችና ከመጀመሪያዋ የደም ጠብታ ቀድሞ በመጣው ክኒኑን መጀመር ሆነ። ክኒኑም ከቦርሳዋ አይጠፋም።

አራተኛው ዑደት በዚህ ደንብ ሄደ፤ ከፍተኛው ቁጥር 3። ከክፍል አልቀረችም።

ሙቀትም አብሮ ነበረ። በሙቅ ውኃ የተሞላ ከረጢት ሆዷ ላይ ማድረግ የቆየ ልማዷ ነው፣ ጥሩም ልማድ ነው። 40 ዲግሪ አካባቢ ያለ የማያቋርጥ ሙቀት ከአይቡፕሮፌን ጋር ተወዳድሮ ተመሳሳይ እፎይታ ሰጥቷል። ነገር ግን ሆዷ ላይ መረብ የመሰለ ቡናማ ነጠብጣብ ታየ። የፈላ ውኃ ሞልታ በቀጥታ ቆዳዋ ላይ ታደርገው ስለነበር ነው። ከረጢቱን በፎጣ መጠቅለልና ውኃው እጅ የሚችለው እንዲሆን ማድረግ በቂ ሆነ።

የአካል እንቅስቃሴ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ ያህል ቢሆን ሕመሙን እንደሚቀንስ የሙከራ ማስረጃ አለ። ፈጣን እርምጃ መረጠች። በመጀመሪያው ወር ልዩነት አላየችም፣ ልታይም አይጠበቅም ነበር። ቁርሱና ክብደቱ ቀስ ብለው መጡ፤ በስድስት ወር ሁለት ኪሎ ተኩል ጨመረች። ስለ ዝንጅብል ጠይቃ ነበር። ትናንሽ ሙከራዎች የተወሰነ ጥቅም አሳይተዋል፤ ብትጨምረው አይከፋም፣ በክኒኑ ቦታ ግን አይተካም።

ሕመሙ ከሕይወቷ የወሰደው

ከቀረችባቸው ቀናት ይልቅ የከበደው እየተገኘች ያልነበረችባቸው ቀናት ናቸው። ከሕክምናው በፊት በወር ሁለት ቀን ከክፍል ትቀር ነበር። ሦስተኛውን ቀን ትሄዳለች፣ ግን «መምህሩ ምን እንዳለ አላውቅም» ብላለች። በ2019 በኔዘርላንድስ በ32,748 ሴቶች ላይ የተሠራ ጥናት ይህንኑ በቁጥር አሳይቷል፦ በወር አበባ ምክንያት የሚቀሩት በዓመት በአማካይ 1.3 ቀን ሲሆን፣ ሥራ ወይም ትምህርት ላይ እያሉ የሚያጡት ግን 8.9 ቀን ነው። ማንም የማይመዘግበው ኪሳራ ትልቁ ነው ማለት ነው።

ከዚያ ባሻገር የምትተዋቸው ነገሮች ነበሩ። የተግባር ልምምድ ምድብ ስትመርጥ ረጅም ሰዓት መቆም የሚጠይቀውን አልመረጠችም፤ ጉዞ ያለበትን ሁሉ አስቀድማ ቀን ትቆጥር ነበር። እነዚህን ለሐኪም እንደ ምልክት የሚናገር የለም፤ ስለዚህ መጠየቅ አለባቸው። «ሕመሙ ባይኖር ኖሮ ምን ታደርጊ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ከቁጥሩ ይልቅ ብዙ አውጥቷል።

ለዩኒቨርሲቲው የተጻፈው ደብዳቤ በዚህ ጊዜ «የሆድ ሕመም» አላለም። የበሽታውን ስም፣ የሚቆይበትን ጊዜና ሕክምና ላይ መሆኗን ጻፈ፤ ያመለጣትን ፈተና እንድትወስድም ተፈቀደላት።

ቀጣዩ ደረጃ

እነ አይቡፕሮፌንን በትክክል ወስደውም የማይሻላቸው ሴቶች አሉ፤ ከአምስቱ አንዷ ያህል። ለእነሱ ሁለተኛው መንገድ ሆርሞን ነው፦ ሁለት ሆርሞኖች የተጣመሩበት የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን፣ ወይም ሌቮኖርጄስትሬል የተባለ ሆርሞን የሚለቅ በማሕፀን የሚቀመጥ መሣሪያ። እንቁላል እንዳይለቀቅ ያደርጋሉ፣ ወይም የማሕፀን ሽፋኑን ያሳሳሉ፤ ሽፋን ሲሳሳ ፕሮስታግላንዲንም ይቀንሳል፣ ደሙም እንዲሁ። ተማሪዋ «መካን ያደርገኛል» ብላ ፈርታ ነበር። ክኒኑ ከቆመ በኋላ የመውለድ ችሎታ እንደሚመለስ ተነገራት። ዓይን ላይ ብልጭታ የሚያስቀድም ማይግሬንና በቤተሰብ የደም መርጋት ታሪክ እንዳለ ተጠየቀች፤ የለም። ሕመሙ 3 ላይ ስለሆነ ለጊዜው አልፈለገችውም፤ ውሳኔው የእሷ ነው፣ ተከበረ።

ዕቅዱን የሚለውጡት ነገሮች በካርዷ ላይ ተጽፈዋል። ከወር አበባ ውጭ የሚመጣ ሕመም፣ ከወር ወር እየባሰ መሄድ፣ ስትጸዳዳ ወይም ወደፊት በግንኙነት ጊዜ መታመም፣ ትኩሳት ወይም ያልተለመደ ፈሳሽ፣ በየሰዓቱ ሞዴስ የሚያስቀይር ደም። እንዲሁም ከሦስት እስከ ስድስት ወር በትክክል ታክማ ሕመሙ ካልበረደ ወደ ማሕፀን ሐኪም ትላካለች። ሕመማቸው በሕክምና ሳይመለስ ቀርቶ በካሜራ የሆዳቸው ውስጥ ከታየላቸው ልጃገረዶች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ኢንዶሜትሪዮሲስ ይገኝባቸዋል። ያንን ለማወቅ ግን መጀመሪያ ሕክምናው በእርግጥ በትክክል መወሰዱ መረጋገጥ አለበት፤ ይህች ተማሪ ያለ መዝገብ ብትላክ ኖሮ ያለ አስፈላጊነት ለቀዶ ሕክምና ልትዳረግ ትችል ነበር።

በዘጠነኛው ወር ሄሞግሎቢኗ 12.6፣ ፌሪቲኗ 34 ደርሷል። የመጨረሻዎቹ ሦስት ዑደቶች ከፍተኛ ቁጥር 3፣ 2፣ 3 ነው። መዝገቡ ላይ አንድ አዲስ ነገር አለ፦ በዑደቷ 14ኛ ቀን በግራ በኩል ለግማሽ ቀን የቆየ ቁጥር 2 ሕመም። እንቁላል ሲለቀቅ የሚሰማ ሊሆን ይችላል። ከወር አበባ ውጭ የመጣ የመጀመሪያ ሕመሟ ስለሆነ ግን አልታለፈም፤ ነርሷ በእርሳስ ከብባው ከጎኑ «በሚቀጥሉት ሁለት ዑደቶች ይታይ» ብላ ጽፋበታለች።